ምክር ቤት ጠርቶኛል፤ ማዘዣው ላይ የእኔ ፊርማ አለ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለገዥው ፓርቲ ስብሰባ ከመሥሪያ ቤታችን በጀት ነዳጅና ውሎ አበል ወጥቷል። ያዘዙት ኃላፊው ናቸው፤ የክፍያ ማዘዣው ላይ ግን የእኔም ፊርማ አለበት። አሁን የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ቀርቤ እንዳስረዳ በደብዳቤ ጠርቶኛል። የሥራ ባልደረቦቼ «ኮሚቴውም የፓርቲው ነው፤ ጃፓን ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ምክር ቤት ቀርበው ማን ታሰረ?» ይሉኛል። ልሂድ ወይስ ልቅር? የምናገረውስ ነገ ፍርድ ቤት ይመጣብኛል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከማራኪ

መልስ

እህቴ፣ ይሂዱ። ግን ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ የሚቀመጡበት ወንበር የምስክር ይሁን የተጠርጣሪ ሳያውቁም አይቀመጡ።

ባልደረቦችዎ ካነሡት ከጃፓኑ ጉዳይ ልጀምር፤ የእርስዎ ሥጋት እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያልና። የገዥው ሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ የውስጥ ቡድኖች ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ግብዣ ትኬት ያሸጡ ነበር። አባሉ ከተመደበለት ኮታ በላይ የሸጠው ገንዘብ ለራሱ ይመለስለታል፤ ሕግ በሚጠይቀው የሒሳብ መግለጫ ላይ ግን አልሰፈረም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ዐቃቤ ሕግ ክስ መሠረተ። በፌብሩዋሪ 29 ጠቅላይ ሚኒስትር ፉሚዮ ኪሺዳ በታችኛው ምክር ቤት የፖለቲካ ሥነ ምግባር ጉባኤ ፊት ቀረቡ፤ በሥልጣን ላይ ያለ ጠቅላይ ሚኒስትር እዚያ ሲቀርብ የመጀመሪያው ናቸው። እዚያ የሚቀርብ ሰው ግን አይምልም፤ በፈቃዱ ይመጣል፤ ቢዋሽም በሐሰት ምስክርነት አይጠየቅም። የአገሩ ሕግ ሌላ በርም አለው። ምክር ቤቱ አንድን ሰው ምስክር ብሎ ከጠራ ያስምለዋል፤ ምሎ የዋሸ ከ3 ወር እስከ 10 ዓመት ይታሰራል። ተቃዋሚዎቹ ይከፈት ብለው የወተወቱት ይህንን በር ነበር።

ስለዚህ «ማን ታሰረ?» ለሚሉዎት፣ ማሰር የምክር ቤት ሥራ አይደለም ይበሏቸው። የሕዝቡ ፍርድ የመጣው በዚያው ዓመት ኦክቶበር 27 ነው፤ ገዥው ጥምረት በታችኛው ምክር ቤት የነበረውን አብላጫ አጣ። ለእርስዎ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ሌላ ነው፦ በዚያ የጃንዋሪ ክስ ከተከሰሱት መካከል የቡድኖቹ ሒሳብ ያዦች ነበሩበት፤ የዋነኛው ቡድን ከፍተኛ አመራሮች ግን አልተከሰሱም። ወረቀቱ ላይ ስሙ ያለው ሰው መጀመሪያ ይጠየቃል። እንቅልፍ ቢነሣዎት አልፈርድብዎትም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበትና ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅና የሕግ አስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ሰጥቶታል። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ሥር ባለ ጉዳይ ላይ እንዲወያይ ያስገድዳል። የክልልና የከተማ ምክር ቤቶችም በየራሳቸው ሕግ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራሉ። ኮሚቴው ሰነድ ያያል፣ ሰው ይጠይቃል፣ ያገኘውን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ጥፋተኛ ነሽ ሊልዎት አይችልም፤ ያ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ወንጀል አለ ብሎ ካመነ ጉዳዩን ወደ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ይመራል።

ይህ መለያየት በቃል ብቻ የቀረ አይደለም። በዚህ ክልል ትልቅ ስም የነበራቸው የብአዴኑ አቶ ታምራት ላይኔ በ1989 ከምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲነሡ የወንጀሉ ጉዳይ ገና ነበር። ፍርድ ቤት 18 ዓመት የፈረደባቸው በ1992 ነው።

ኮሚቴውን የሚመሩት የፓርቲው ሰዎች ስለሆኑ ምርመራው ዋጋ የለውም የሚለውን አልቀበልም፤ እንዲህ እያልን ነው ለዘመናት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እንደ ደንብ ይዘን የኖርነው። የደቡብ አፍሪካን ይመልከቱ። ለፕሬዚዳንት ጄኮብ ዙማ የንካንድላ መኖሪያ የወጣውን የመንግሥት ገንዘብ የሕዝብ ጠባቂዋ (የመንግሥትን ጥፋት የሚመረምር ነጻ ተቋም ኃላፊ) ቱሊ ማዶንሴላ መርምረው፣ ከጸጥታ ጋር ያልተያያዘው ወጪ ከፊሉ ይመለስ አሉ። የገዥው ፓርቲ አብላጫ ያለበት ምክር ቤት ግን ፕሬዚዳንቱን ነጻ አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቱ ብቻ ሳይሆኑ ምክር ቤቱም ሕገ መንግሥቱን እንደጣሰ ወሰነ፤ ዙማም 7.8 ሚሊዮን ራንድ እንዲከፍሉ ተደረገ። ፍርድ ቤቱ ይህን ማለት የቻለው የማዶንሴላ ምርመራ በወረቀት ሰፍሮ በእጁ ስለነበረ ነው። ኮሚቴው ጉዳዩን ቢያዳፍነው እንኳ የእርስዎ ቃል በቃለ ጉባኤ ይቀራል፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

አሁን ስለ ፊርማዎ። ፓርቲና መንግሥት በሕግ ሁለት የተለያዩ አካላት ናቸው። ፓርቲ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 ተመዝግቦ የራሱን ሒሳብ ይይዛል፤ የመንግሥት በጀት ደግሞ ለጸደቀለት ሥራ ብቻ ይውላል። ይህን መስመር የጣሰ ባለሥልጣን በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሊጠየቅ ይችላል። አለቃ አዞኝ ነው ማለት ብቻውን ነጻ አያወጣም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 74 ታዛዡ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ከፈጸመ ይቀጣል ይላል። ስለዚህ ነገሩ የሚቆመው «ሲፈርሙ ምን ያውቁ ነበር?» በሚለው ላይ ነው። ማዘዣው ላይ የተጻፈው ምክንያት ምንድን ነው? «ለመስክ ሥራ» ተብሎ ከሆነና ነዳጁ የት እንደሄደ በኋላ ከሰሙ፣ አቋምዎ ጠንካራ ነው። «ለፓርቲ ስብሰባ» ተብሎ በግልጽ ተጽፎ ከሆነ ግን ከኮሚቴው በፊት ጠበቃ ያነጋግሩ። ሲፈርሙ ተቃውመው በማስታወሻ ጽፈው ከነበረ ያቺ ወረቀት ወርቅ ናት።

ካልጻፉ ደግሞ እለምንዎታለሁ፣ ዛሬ ጽፈው የዓምናን ቀን አያስቀምጡበት። ከዓመታት በፊት አንዲት ንብረት ክፍል የምትሠራ ደንበኛ ነበረችኝ። በመጀመሪያው ጉዳይ አንዳች የሚያስጠይቃት ነገር አልነበረም። ሰው መክሯት ቀኑ ወደ ኋላ የተጻፈ ማስታወሻ ፋይል ውስጥ ጨመረች፤ የተከሰሰችውም በእሱ ነው። እስከዛሬ ያሳዝነኛል። ዋናውን ሰነድም ከመሥሪያ ቤት ይዘው አይውጡ። የማዘዣዎቹን ቁጥርና ቀን ዘርዝረው ኮፒ እንዲሰጥዎት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቢከለክሉዎት ያስገቡት ማመልከቻ ራሱ ማስረጃ ይሆንልዎታል።

ቃልዎ ፍርድ ቤት ይመጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። ኮሚቴ ፊት መናገር ለፖሊስ ቃል ከመስጠት ጋር አንድ አይደለም። ፖሊስ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት መልስ ያለመስጠት መብት እንዳለዎትና የሚሰጡት ቃል ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ሊነግርዎት ይገባል፤ ኮሚቴ ይህን ላያደርግ ይችላል። ቃለ ጉባኤው ግን ሰነድ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ሊጠቀምበት ይሞክር ይሆናል። የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ በሰጠው አስተያየት እንደማይከሰስ አንቀጽ 54 ይደነግጋል፤ ለምክር ቤት አባል የተሰጠ ከለላ ለተጠራ ሠራተኛ አይዘረጋም። ማንም በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም የሚለው መርህ በሕገ መንግሥቱ የሰፈረው ለተያዙና ለተከሰሱ ሰዎች ነው፤ እኔ ግን ኮሚቴ ፊትም ይሠራል ብዬ እከራከራለሁ። ስለዚህ ያዩትንና የሰነዱን ይናገሩ። ራስዎን የሚያስወነጅል ጥያቄ ሲመጣ «ይህን ጠበቃዬን አማክሬ እመልሳለሁ» ይበሉና ይህም ይጻፍ ይበሉ። የሚዋሹ ከሆነ ግን ከነጭራሹ አለመናገር ይሻልዎታል።

በቀልን ከፈሩ የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ከባድ ቅጣት ላላቸው ወንጀሎች ምርመራ የተዘጋጀ ስለሆነ ኮሚቴ ፊት መቅረብ ብቻውን ጥበቃ ያስገኛል ብለው አይተማመኑ፤ ጥቆማውን ለፖሊስ፣ ለዐቃቤ ሕግ ወይም ለፀረ ሙስና ኮሚሽን ያድርሱ።

ነገ ጠዋት የጥሪውን ደብዳቤ ይዘው ወደ ኮሚቴው ጸሐፊ ይሂዱና የተጠሩት በምን ጉዳይ፣ እንደ ምን ሆነው እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልዎት ያመልክቱ። ለጠበቃ የሚከፍሉት ካጡ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ቃለ ጉባኤውን ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ያልተናገሩት ተጽፎ ካገኙ ይታረም ይበሉ፤ ሲፈርሙም በየገጹ ይፈርሙ።