የአሸዋ ጫካ ጥላ ለምን ጭቃ ይሆናል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባሕር ዳር ባለ የአሸዋ ጉብታ ላይ የበቀለ ጫካ በኢምፕሬሽኒስት ስልት (የብርሃንን ቅጽበት በአጫጭር የቀለም ምት በሚይዘው የአሣሣል ስልት) ልሣል ብለሽ ከፎቶ ጀመርሽ። ጥላው ጭቃ መሰለ፣ አረንጓዴውም ሞተብሽ። እኔም እዚህ ሆላንድ፣ ሄግ አጠገብ ባሉት የአሸዋ ጉብታዎች ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚሁ ሸራ አበላሽቻለሁ። ችግሩ ያለው ፎቶው ላይ እንጂ እጅሽ ላይ አይመስለኝም።

ፎቶ የጫካ ጥላን ያጠቁረዋል። ቦታው ላይ ቆመሽ ስታይው ግን መሬቱ ነጣ ያለ አሸዋ ነው። ፀሐይ በቅጠሉ ክፍተት ሾልካ አሸዋው ላይ ስታርፍ ብርሃኑ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። የቅርንጫፎቹ ሆድ ሞቅ ያለ ቢጫ ይሆናል። አፈሩ ጥቁር በሆነ የደጋ ጫካ ይሄ አይታይም። ሰማይ የሚያየው የጥላ ክፍል ደግሞ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ያደላል። ጥላሽ ውስጥ ሁለት ብርሃን አለ ማለት ነው፤ ከታች ሞቃት፣ ከላይ ቀዝቃዛ።

ስለዚህ ጥቁሩን የቀለም ቱቦ ከሣጥንሽ አውጪው። እኔ አልትራማሪን የሚባለውን ደማቅ ሰማያዊ ከበርንት ሲየና (ቀላ ካለ ቡናማ) ጋር እቀላቅልና ትንሽ ነጭ እጨምርበታለሁ። ግን አላሸውም! ሁለት ሦስቴ አገላብጬ እተወዋለሁ። ጭቃው የሚመጣው ብዙ ቀለም አብዝተን ስናሽ ነው። ለአረንጓዴውም በቱቦው ቀለም ብቻ አትተማመኚ። ኦከር ቢጫ (የአፈር መልክ ያለው ቢጫ) እና ሰማያዊ ቀላቅይ፣ አጠገቡ ትንሽ ሮዝ ጣል አድርጊ። ጎን ለጎን ያሉ ቀለሞች አንዱ ሌላውን እንደሚለውጡ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭሬል እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አስረድቶ ነበር። ኢምፕሬሽኒስቶቹም በዚህ በደንብ ተጠቅመዋል። ከእነሱ አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1888 በደቡብ ፈረንሳይ ባለችው አንቲብ የሣላቸውን የባሕር ዳር የፓይን ዛፎች ፈልገሽ በትልቁ እያቸው። ቅጠላቸው ውስጥ ስንት ዓይነት ቀለም እንዳለ ቁጠሪ።

ቅርጹም ወሳኝ ነው። ጨው ያዘለው ነፋስ በባሕሩ በኩል ያለውን ጎን ይከረክመዋል። ጫካው ከሣርና ከእሾህ ቁጥቋጦ ይጀምርና ወደ ውስጥ እየገባ ሲሄድ ከፍ ይላል፤ ጣሪያው ተዳፋት ነው። መጀመሪያ ይህን ተዳፋት በሰፊ ብሩሽ አንድ አድርገሽ ጣይው። ቅጠል በቅጠል አትሂጂ። በቅርንጫፎች መሃል የሚታየውን ሰማይ መጨረሻ ላይ ጨምሪው።

ውጭ ስትሠሪ ትንሽ ሸራ ይዘሽ ውጪ፤ ለእኔ 30 በ40 ሴንቲሜትር ይበቃኛል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ብርሃኑ ሌላ ነው። ሞኔ ብርሃኑ ሲለወጥ ሸራውን ይቀይር ነበር። አሸዋ ቀለሙ ላይ ቢለጠፍብሽም አትደንግጪ። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚሁ ሄግ አጠገብ ስኬቬኒንገን ባሕር ዳር በማዕበል ቀን የሣለው ሥዕል አምስተርዳም ከተማ ባለው የቫን ጎ ሙዚየም ውስጥ አለ። የአሸዋው ቅንጣት ዛሬም ቀለሙ ውስጥ ነው።

ባሕር ከሌለሽ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። በቀትር ፀሐይ ግቢሽ ውስጥ ዛፍ ሥር ነጭ አንሶላ አንጥፊ። ከዚያ ቀና ብለሽ የቅርንጫፎቹን ሆድ እዪ። አንሶላውን ሰብስቢና እንደገና እዪ። ብሩሽ የምታነሺው ከዚያ በኋላ ነው።