«ቦታው የማን ነው?»

የመኪና አደጋ ሲደርስ ስንት ስልክ ቁጥር መያዝ አለብኝ? (ከአቃቂ)

ሦስት። አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ እሳትና አደጋ 939። ዛሬውኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቧቸው።

ሚኒባስና አይሱዙ ተጋጭተው ስደውል «ቦታው የእኛ አይደለም» ተባልኩ። ሌላኛው ጋ ስደውል ወደ መጀመሪያዎቹ መለሱኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? (ከቱሉ ዲምቱ)

አንተ የሚጠበቅብህን አድርገሃል። እኔም ባለፈው ክረምት ቂሊንጦ አካባቢ ይህንኑ አይቻለሁ። የባጃጅ ሹፌሩ አስፋልት ዳር ተኝቷል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አውልቀው አልብሰውታል። ሁለት ሰዎች አጠገቡ ቆመው ቦታው አዲስ አበባ ነው፣ ሸገር ከተማ ነው እያሉ ይከራከራሉ። አምቡላንሱ ለማየት በቆሙ መኪኖች ታግቶ ከኋላ ይጮኻል።

አዲስ አበባን የከበበው የኦሮሚያው ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላንና ኮዬ ፈጬ አንድ ላይ ተጠቃለሉ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በየትኛውም በር ብትወጣ ይህ ጥያቄ ይገጥምሃል። ወሰኑ ፋይል ለመክፈት ያስፈልጋል። ደም ለማስቆም ግን ምን ያደርጋል?

ቀድሞ የደረሰው ቦታውን ይያዝ። መንገድ ያስከፍት፣ ሰው ይበትን፣ አምቡላንሱን ያስገባ። ፕላኑን (የአደጋውን ንድፍ) የሚመለከተው ትራፊክ ሲደርስ ያነሳል። የሁለቱ ወገን ትራፊክ፣ እሳትና አደጋ፣ ቀይ መስቀልና ሆስፒታሎቹ በወር አንዴ ቁጭ ብለው ስልክ ቢለዋወጡ፣ «ከዚህ ድልድይ እስከዚያ ማደያ የተጎዳ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል» ብለው አስቀድመው ቢስማሙ ብዙ ነገር ይቀላል። ደግሞም ስልኩን ያነሳው ሰው ራሱ ለሌላው ያስተላልፍ። እጁ በደም የተነከረ ሰው ሌላ ቁጥር ፈልግ አይባልም!

ሆስፒታሉ መጀመሪያ ብር ክፈሉ ቢለንስ? (ከሰበታ)

የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በመኪና አደጋ ለተጎዳ ሰው እስከ ተወሰነ ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና በነጻ ይፈቅዳል። ይህንኑ ንገሯቸው። የካሳውን ነገር ጠበቃ ጠይቁ።

የተጎዳውን ባጃጅ ላይ ጭኜ ልሩጥ? (ከለገጣፎ)

መኪናው እየነደደ ካልሆነ ወይም ሌላ መኪና የሚያሰጋው ካልሆነ አያንሱት። አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገው ይያዙ። ጭንቅላቱን ተመትቶ «ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄደውን ግን እለምንዎታለሁ፣ አይልቀቁት። ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም ከሰዓታት በኋላ ሊጥል ይችላል። የግድ ሐኪም ይየው። ማታ ካስመለሰው ወይም አልነቃ ካለ ንጋት ሳይጠብቁ ይውሰዱት።