ናፕስተር ከተዘጋ በኋላ አድማጮቹ ለምን ተከሰሱ? (ጥያቄና መልስ)

የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያዎች ሰዎች ዘፈን በኢንተርኔት ይለዋወጡበት በነበረው በናፕስተርና በመሰሎቹ፣ በኋላም በተለዋዋጮቹ በራሳቸው ላይ ስላካሄዱት የፍርድ ቤት ሙግት ከአንባቢያን ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ናፕስተር ዘፈኖቹን በራሱ ዘንድ ካላስቀመጠ በምን ተጠያቂ ሆነ?

መልስ፦ ዘፈኖቹ በተጠቃሚዎቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ እንደ ነበሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ማን የትኛው ዘፈን እንዳለው የሚያሳየው ዝርዝር የሚገኘው በናፕስተር ሰርቨር (ማእከላዊ ኮምፒውተር) ላይ በመሆኑ ፈላጊውና ባለ ፋይሉ የሚገናኙት በእርሱ በኩል ነበር። ኩባንያዎቹ በ1999 መጨረሻ ክስ መሠረቱ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2001 ናፕስተር የቅጂ መብት ጥሰቱን እያወቀና ማስቆም እየቻለ መተዉ ተጠያቂ እንደሚያደርገው ወሰነ። አገልግሎቱ በዚያው ዓመት ተቋረጠ።

ጥያቄ፦ ድሮ ለጓደኛ ካሴት እንገለብጥ ነበር፤ ይህ ከዚያ በምን ይለያል?

መልስ፦ ናፕስተርም ይህንኑ ተከራክሮ ነበር። በ1992 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ለንግድ ሳይሆን ለራሱ ዘፈን የሚቀዳን ሰው ከክስ ይጠብቀዋል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ኮምፒውተር በዚያ ሕግ ውስጥ የተጠቀሰው ዓይነት መቅረጫ አይደለም ሲል ክርክሩን ውድቅ አደረገው። በተጨማሪም ካሴቱን የሰጡት ለሚያውቁት አንድ ሰው ነው፤ የተከፈተ ፎልደር ግን ለማያውቁት ሕዝብ ሁሉ ክፍት ነው።

ጥያቄ፦ እነካዛና ግሮክስተርስ?

መልስ፦ እነዚህ የፋይል መለዋወጫ ፕሮግራሞች ከናፕስተር ተምረው ማእከላዊውን ዝርዝር አስቀሩት። ግሮክስተር የተከራከረው ሶኒ በ1984 በቪዲዮ መቅረጫው ጉዳይ ባሸነፈበት ውሳኔ ተመርኩዞ ነው፤ ይኸውም ለሕጋዊ ተግባር ሊውል የሚችል መሣሪያ የሸጠ ሰው፣ ገዢው በመሣሪያው ለሚፈጽመው ጥፋት አይጠየቅም የሚል ነበር። የበታች ፍርድ ቤቶች ቢቀበሉትም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 በሙሉ ድምፅ ውሳኔያቸውን ሻረ። የተመዘነው የመሣሪያው ጠባይ ብቻ ሳይሆን የሻጩም ሐሳብ ነው፤ ግሮክስተር የናፕስተርን የቀድሞ ተጠቃሚዎች ለመሳብ ማቀዱን የሚያሳይ ማስረጃ ቀርቦበት ነበርና።

ጥያቄ፦ ግለሰቦቹን መክሰስ የተጀመረው መቼ ነው? ስማቸውስ እንዴት ተገኘ?

መልስ፦ ግሮክስተር በበታች ፍርድ ቤት ሲረታ ፊቱን ወደ ተጠቃሚዎቹ ያዞረው የቀረጻ ኩባንያዎቹ ማኅበር በሴፕቴምበር 2003 በአንድ ጊዜ 261 ሰዎችን ከሰሰ። መርማሪዎቹ የሚያገኙት የአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩን የሚለይ ቁጥር) ብቻ ስለ ነበር፣ ስም ለማወቅ ዳኛ ሳያየው በፍርድ ቤት ጸሐፊ ፊርማ ብቻ የሚወጣ ትእዛዝ ለኢንተርኔት አቅራቢዎች ይልኩ ነበር። ከአቅራቢዎቹ አንዱ ቬራይዘን ይህን አሠራር ተቃውሞ በ2003 መጨረሻ በይግባኝ ረታ። ከዚያ ወዲህ ክሱ በቅድሚያ ስሙ ባልታወቀ ተከሳሽ ላይ ይከፈትና ስሙ በዳኛ ትእዛዝ ይጠየቅ ጀመር። ዘመቻው እስከቆመበት እስከ 2008 ድረስ 35,000 ያህል ሰዎች ተነክተዋል፤ አብዛኞቹም ጥቂት ሺህ ዶላር ከፍለው ተስማምተዋል፤ ጠበቃ ቀጥሮ መከራከር ከዚያ በላይ ያስወጣ ነበርና።

ጥያቄ፦ ለ24 ዘፈን 222,000 ዶላር የተፈረደባት ሴት አለች የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ የዘመቻውን ጠባይ ከዚህ መዝገብ በተሻለ የሚያሳይ ያለም አይመስለኝም። በ2005 የኩባንያዎቹ መርማሪዎች ካዛ ላይ ከ1,700 በላይ ዘፈኖች ያሉት ክፍት ፎልደር አገኙ። የአይፒ አድራሻው በሚኔሶታ ወደምትኖር አንዲት እናት አመራ፤ የተጠቃሚው ቅጽል ስምም እርሷ በሌሎች አካውንቶቿ የምትጠቀምበት ሆኖ ተገኘ። ኩባንያዎቹ ከዚያ ሁሉ 24 ዘፈኖች መርጠው ከሰሷት፤ ጁሪውም (ከተራ ዜጎች የተመረጠው ፈራጅ ቡድን) በ2007 ለእያንዳንዱ ዘፈን 9,250 ዶላር ወሰነ። ዳኛው ግን ፋይልን ለሌሎች ክፍት ማድረግ ብቻውን እንደ ማሰራጨት ይቆጠራል ብለው ለጁሪው የሰጡት መመሪያ ስሕተት እንደ ነበረ አምነው ጉዳዩ እንደ አዲስ እንዲታይ አዘዙ። ተከሳሿ በዚህ ደስ ሳይላት አልቀረም፤ ሁለተኛው ጁሪ በ2009 የፈረደባት ግን 1.92 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዳኛው ወደ 54,000 ቢያወርዱትም ኩባንያዎቹ አልተቀበሉም፤ በ2010 ሦስተኛው ጁሪ 1.5 ሚሊዮን አለ፤ ዳኛው ዳግመኛ ቀነሱት። በመጨረሻ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2012 የመጀመሪያውን 222,000 አጸና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2013 አቤቱታዋን ሳይቀበል ቀረ።

የገንዘቡ መብዛት ምንጭ ሕጉ ነው። ባለመብቱ የደረሰበትን ጉዳት በቁጥር ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000፣ ጥሰቱ ሆን ተብሎ ከተፈጸመም እስከ 150,000 ዶላር ሊወሰንለት ይችላል። አፕል በ2003 በከፈተው የኢንተርኔት ሱቅ ግን አንዱን ዘፈን በ99 ሳንቲም መግዛት ይቻል ነበር። እንደ እኔ እምነት ይህ ሚዛን ለአትራፊ አባዢ ነጋዴ ይስማማ እንደ ሆነ እንጂ ዘፈን ወዳዱን ሰው በዚያው መስፈር ኩባንያዎቹን በችሎት አስረትቶ በሕዝብ ዘንድ አስጠልቷቸዋል።

ጥያቄ፦ የተከፈለው ገንዘብ ለዘፋኞቹ ደርሷል?

መልስ፦ ከሳሾቹ የቀረጻው ባለቤት የሆኑት ኩባንያዎች ናቸው፤ የዘፋኙ ድርሻ የሚወሰነው ከኩባንያው ጋር ባለው ውል ነው።

ጥያቄ፦ እኔ አወርዳለሁ እንጂ አላጋራም። እከሰሳለሁ?

መልስ፦ አንዲት ሴት 30 ዘፈኖች ያወረድኩት ሞክሬ ልገዛቸው ብዬ ነው ስትል ተከራክራ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2005 ክርክሯን ሳይቀበል በዝቅተኛው ተመን የተሰላውን 22,500 ዶላር አጸናባት። ጠያቂያችን የሚጠቀሙት ቶረንት (ተጠቃሚዎች የፋይል ቁራጮችን እርስ በርስ የሚለዋወጡበት ዘዴ) ከሆነ ደግሞ «አላጋራም» ማለቱም አያዋጣዎትም፤ ፕሮግራሙ ቅንብሩ ካልተለወጠ ፋይሉን እያወረደ፣ የደረሰውን ቁራጭ በዚያው ቅጽበት ለሌሎች ይልካል።