ከደሙ 190፣ ከጋዙ 150፤ የቱን ልመን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ሐረር የምሠራ የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። ለሥልጠና ከአገር ወጥቼ ሰው ሠራሽ ሳንባ የሚፈተሽበት ላቦራቶሪ ውስጥ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ነበር። የላም ደም በመሣሪያው ውስጥ እያዞሩ በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጣ ይለካሉ። ደሙም ጋዙም በደቂቃ 4 ሊትር ነበር የሚሄደው። ከደም ናሙናው ሲሰላ 190 መጣ፤ ከሚወጣው ጋዝ ሲለካ 150። አሠልጣኙ «150ውን ጻፊ» ብሎኝ አለፈ። ለምን? ከደሙ የወጣውና ጋዙ ውስጥ የገባው አንድ አይደለም ወይ? ደግሞ በየመሃሉ ጋዙን ለጥቂት ሰኮንድ በኃይል ለቀው ይመልሱታል፤ እሱስ ምንድን ነው?
(ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ አቦ ጥያቄ ማለት ይኼ ነው! አሠልጣኝሽ ልክ ነው፤ ጥፋቱ ምክንያቱን ሳይነግርሽ ማለፉ ነው።

ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚወርድ አይሱዙ አስቢ። የአንዲት ዙርባ ክብደት ስንት እንደሆነ ማወቅ ፈልገሽ መኪናውን ከነጭነቱ መዘንሽው እንበል። ከዚያ አንዷን ዙርባ አውርደሽ መኪናውን እንደገና መዘንሽና ቀነስሽ። የመኪና ሚዛን ከመቶ አንድ እንኳ ቢስት ዙርባዋ የት ገባች? ከደም የሚሰላው ቁጥር እንደዚያ ነው። ወደ መሣሪያው በሚገባ አንድ ሊትር ደም ውስጥ፣ ሁሉም ተደምሮ፣ 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። አብዛኛው ባይካርቦኔት ወደሚባል ውሁድ ተለውጦ ነው የሚጓዘው፤ ጥቂቱ ሄሞግሎቢን ላይ ተጣብቋል፤ እንደ ጋዝ ሟሙቶ ያለው ከመቶ 5 ገደማ ቢሆን ነው። መሣሪያው ከዚያ ሁሉ የሚወስደው 40 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ስሌትሽ ከ500ው ላይ ከመቶ 2 ብቻ ቢስት 10 ሚሊ ሊትር፤ በ4 ሊትር ሲባዛ 40። ከ190 ላይ 40 ቀንሺና እይው።

«ስሌት» ያልኩት አውቄ ነው። የደም ጋዝ ማሽኑ የሚለካው ፒኤችን (የደሙን አሲድነት) እና የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ግፊት ነው። ባይካርቦኔቱን በቀመር አስልቶ ነው የሚነግርሽ፤ ቀመሩ ደግሞ የተሠራው ለሰው ደም እንጂ ለላም አይደለም። ሲሪንጁ ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች፣ ወይም ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ከቆየ፣ ስህተቱ ይጨመርበታል። የድሮዎቹ አያሰሉም ነበር። ቫን ስላይክ የሚባለው አሜሪካዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1917 ባወጣው ዘዴ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ላይ አሲድ ይጨመራል፣ በሜርኩሪ አየር አልባ ክፍት ቦታ ይፈጠርለታል፣ ከዚያ ተንጦ ተንጦ ጋዙ ሲወጣ ይለካል። አድካሚ ነው፤ ግን የተለካው ራሱ ጋዙ ነው።

በጋዙ በኩል ስትመጪ ነገሩ ይቀላል። ወደ ክሮቹ፣ ማለት ጋዙ በውስጣቸው ደሙ በውጫቸው ወደሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች፣ የምትልኪው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የለውም፤ ባዶ ጆንያ ነው። በማስወጫው ያገኘሽው በሙሉ ከደሙ የመጣ ነው። 4 ሊትር ጋዝ ከመቶ 3.75 ይዞ ከወጣ፣ 150 ሚሊ ሊትር፤ አለቀ።

አለቀ አልኩ እንጂ ያንን ልኬት እዚህ እኛ ዘንድ ብንሠራው ሌላ ጣጣ አለው። ሐረር ላይ ጠጥተሽ የከደንሽው ባዶ ሃይላንድ በደንገጎ ወርደሽ ድሬ ስትደርሺ ጭምድድ ብሎ ታገኚዋለሽ። የሐረር የአየር ግፊት 610 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው፤ የድሬዳዋ 660 አካባቢ፤ ባሕር ጠረፍ 760። ስለዚህ ሐረር ላይ የተለካ 120 ሚሊ ሊትር ደረቅ ጋዝ፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ ከሆነ፣ ከሌላ ቦታ ልኬት ጋር ለማወዳደር ወደ 760 ግፊትና ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲመለስ 90 ብቻ ነው። ድሬ ላይ በ30 ዲግሪ የተለካው 120 ደግሞ 94 ይሆናል፤ በግፊቱ ያተረፍነውን ሙቀታችን መልሶ ይነጥቀናል። ዘመናዊ የጋዝ መለኪያዎች ብዙዎቹ ይህን ራሳቸው አስተካክለው ነው የሚያሳዩት። እሱን ሳታጣሪ አንቺም ካስተካከልሽ ሁለቴ ቀነስሽ ማለት ነው።

እኔ በዚህ ተዋርጃለሁ። አንድ ያረጀ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ድሬዳዋ ከዚራ ያለው ክፍሌ ውስጥ ጠግኜ፣ ግፊቱን 660 ብዬ ሞልቼ፣ በሚኒባስ ይዤ ሐረር ወጣሁ። ቁጥሩን መቀየር ረሳሁ። ያ ማሽን የሚያውቀው የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ግፊት ነው፤ በመቶኛ ለማሳየት በሞላሽለት የአየር ግፊት ያካፍለዋል። 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ለ610 ሲካፈል ከመቶ 4.9 መሆን ሲገባው የኔው 4.5 እያለ ሳምንት ሠራ። የነቃችብኝ እንዳንቺ ያለች የማደንዘዣ ባለሙያ ናት። ከዚያ ወዲህ ማሽን ይዤ ደንገጎን ስወጣ ወረቀት ላይ «610» ብዬ ደረት ኪሴ ውስጥ እከታለሁ።

የጋዙን ፍሰትም ቢሆን የሚያሳይሽን ቁጥር ዝም ብለሽ አትመኚ። እኔ የምጠቀመው የሳሙና አረፋ ነው። ሊትር የተሰመረበት የብርጭቆ ቱቦ አቆማለሁ፣ ከሥሩ ጋዙን በሳሙና ውሃ ላይ አሳልፋለሁ። አንዲት ስስ አረፋ ቱቦውን ሞልታ ወደ ላይ ትሄዳለች። ፍሰቱ 4 ሊትር ከሆነ ሊትሩን በ15 ሰኮንድ ትጨርሳለች። በ17 ከደረሰች መለኪያው ዋሽቶሻል። ቱቦው አስቀድሞ በሳሙናው ውሃ ካልረጠበ አረፋዋ መንገድ ላይ ትፈነዳለች፤ በእልህ ሦስት አራቴ ይሞከራል።

በኃይል የሚለቁት ነገር ውሃ ለማስወጣት ነው። ደሙ 37 ዲግሪ ነው፤ በክሮቹ ውስጥ የሚያልፈው ጋዝ እርጥበት ይጠጣል፣ ቀዝቀዝ ወዳለው ጫፍ ሲደርስ ጠል ይሆናል። ጠሉ የክሮቹን ቀዳዳ ሲዘጋ ጋዝ የማያልፍባቸው ክሮች ይበዛሉ፣ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይቀንሳል። ስለዚህ ለጥቂት ሰኮንድ ኃይለኛ ጋዝ ይለቁና ውሃውን ይጠርጉታል። እዚያው ላይ የተለካ ቁጥር አይያዝም፤ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ወደ መለኪያሽ የሚሄደው ቀጭን ቱቦም ውሃ እንዳይዝ እይው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጋዙ በሙሉ ወደ መለኪያዬ ይምጣ ብለሽ የመሣሪያውን ማስወጫ በፕላስተር እንዳታሽጊው። መውጫ ያጣ ጋዝ ግፊቱ ከደሙ ሲበልጥ አረፋ ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። በላም ደም ላይ ደሙን ደፍተሽ ትጀምሪያለሽ፤ በሰው ላይ ይገድላል። ሰፋ ያለ ቱቦ ላላ አድርገሽ ግጠሚ፣ ናሙናውን ከመሃሉ ውሰጂ። ከጫፉ አጠገብ ከወሰድሽ የክፍሉ አየር ይቀላቀልና ቁጥርሽ ያንሳል።

አሁን ወደ 150ሽ። ጤነኛ አዋቂ ሰው ተቀምጦ በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ያመነጫል፤ በዚያ ዓይን ሲታይ 150 ደህና ቁጥር ነው። ግን ወደ መሣሪያው የገባው ደም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱ ስንት ነበር? 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው ደም 150 ያወጣ መሣሪያ፣ 60 ያለው ደም ቢሰጡት ያለ ምንም ድካም 200 ሊያወጣ ይችላል። መሣሪያው አልተሻለም፣ የቀረበለት በዛለት እንጂ። ሁለት መሣሪያ ለማወዳደር ሁሉንም ወደ 45 የሚመልሱት ለዚህ ነው፦ 200 ሲባዛ በ45፣ ሲካፈል ለ60፣ ያው 150። ደብተርሽን ግለጪ። ከ150ው ጎን የገባው ደም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ካልተጻፈ፣ ለአሠልጣኝሽ ዛሬውኑ ጻፊለትና ጠይቂው።