ጥያቄና መልስ፦ አንድ ምንጭ፣ ብዙ መመሪያ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፦ የቴክኒክ መመሪያን አንዴ ጽፎ ለኅትመትም፣ ለድረ ገጽም፣ ለስልክም ስለ ማውጣት።

ጥያቄ፦ በናፍጣ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ እናስመጣለን። መመሪያው በሦስት የወርድ ፋይል ተቀምጧል፤ ለደንበኛ፣ ለጥገና ባለሙያ፣ ለድረ ገጽ። የዘይት መቀየሪያው ጊዜ ከ500 ሰዓት ወደ 250 ሲወርድ ሁለቱን አስተካክለን የባለሙያዎቹን ረሳነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሶፍትዌር ከመፈለግዎ በፊት ሦስቱንም አትመው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይዘርጓቸው። በሦስቱም ያለውን በአንድ ቀለም፣ የአንዱ ብቻ የሆነውን በሌላ ቀለም ያስምሩበት። ወደ አንድ ምንጭ የሚገባው የጋራው ነው። ከዚያ ይቆራርጡት፤ አንድ ቁራጭ አንድ ሥራ ብቻ ይያዝ፦ «ዘይት መቀየር»፣ «ፓምፑን ማስነሳት»። «ከላይ እንደተገለጸው» የሚል ሐረግ ካገኙ ይሰርዙት፤ ቁራጩ ሌላ መመሪያ ውስጥ ሲገባ ከላዩ ምን እንደሚኖር አይታወቅም። 250 የሚለው ቁጥርም አንድ ቦታ ብቻ ተጽፎ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይጥራው። አደራ፣ በአንድ ምዕራፍ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለውን አንድ ምንጭ ለመጻፍ ዲታ (DITA) ይሻላል ወይስ ማርክዳውን (Markdown)?

መልስ፦ ዲታ መመሪያን በቁራጭ በቁራጭ ለመጻፍ ከአይቢኤም የወጣ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ኦኤሲስ የተባለው መስፈርት አውጪ ድርጅት ያጸደቀው የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። ብዙ ጸሐፊ፣ ብዙ ሞዴልና ብዙ ቋንቋ ላለው ድርጅት ይበጃል፤ ለ40 ገጽ መመሪያ ግን ሸክም ነው። ማርክዳውን፣ ማለትም ርዕሱና ዝርዝሩ በጥቂት ምልክት የሚለይ ተራ ጽሑፍ፣ ቶሎ ይለመዳል፤ ነገር ግን በራሱ ሌላ ፋይል መጥሪያም ተለዋዋጭም (አንድ ቦታ ተጽፎ በየቦታው የሚጠራ ቃል ወይም ቁጥር) የለውም። እኔ ለጀማሪ የምመክረው አስኪዶክን (AsciiDoc) ነው። እንደ ማርክዳውን ተራ ጽሑፍ ሆኖ ፋይል ማስገባትን፣ ተለዋዋጭንና «ይህ ለባለሙያ ብቻ» ማለትን ይችላል።

ጥያቄ፦ የጥገና ክፍላችን «ማጣሪያ» የሚለውን ቃል ወደ «ፊልተር» ቀየረ። በተለዋዋጭ ስላስገባሁት አንድ ቦታ ብቻ ነካሁ፤ መመሪያው ግን ከዳር እስከ ዳር «ፊልተርውን ያጽዱ» ሆኖ ወጣ።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ ለእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስተማሪያ አያነሳውም። ፊደላችን ተነባቢውን ከነአናባቢው ስለሚይዝ «ፊልተር» ላይ «ኡ» ሲመጣ «ር» ራሷ «ሩ» ትሆናለች። «ማጣሪያ» ደግሞ በአናባቢ ስለሚያልቅ «ው» ይቀጸልለታል። ተለዋዋጩ ይህን አያውቅም፤ የሰጡትን እንዳለ ይለጥፋል። ስለዚህ ቅጥያውን ሌላ ቃል ይሸከምልዎት። «ይህን ፊልተር ያጽዱ»፣ «ይህን ማጣሪያ ያጽዱ» ቢሉ ሁለቱም ያስኬዳሉ። የቁልፍ ስም ከሆነ «‹አስቀምጥ› የሚለውን ይጫኑ» ይበሉ። ከፊት የሚገቡት «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» ቃሉን ስለማይለውጡት አያስቸግሩም። ጣጣው ከኋላ ያለው ነው። ፈጽሞ የማይቀየር ስም ከሆነ ደግሞ በተለዋዋጭ አያስገቡት፤ በቀጥታ ይጻፉት።

ጥያቄ፦ በማርክዳውን የጻፍኩትን ፓንዶክ (Pandoc) በተባለው ፋይል መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ፒዲኤፍ ስቀይር መጀመሪያ ስህተት አለ ብሎ ቆመ። ፒዲኤፉን የሚያወጣለትን ሞተር ዚላቴክ (XeLaTeX) ሳደርገው ደግሞ አማርኛው በሙሉ ባዶ ሆነ።

መልስ፦ ግማሹን መንገድ ሄደዋል። ፓንዶክ ካልተነገረው ፒዲኤፍ የሚያወጣው ፒዲኤፍላቴክ (pdfLaTeX) በተባለ ሌላ ሞተር ነው፤ እሱ ደግሞ የግዕዝ ፊደልን እንዲሁ አይቀበልም። ዚላቴክ ይቀበላል፤ ነገር ግን መነሻው ላይ የተሰጠው ፎንት የእኛ ፊደል የለውም፣ ለዚህ ነው ባዶ የሆነው። ዋናውን ፎንት ራስዎ ይሰይሙለት። አቢሲኒካ ኤስአይኤልም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም በነጻ ይገኛሉ። አቢሲኒካ ለንባብ ደስ ይላል፤ ግን ደማቅ ቅርጽ የለውም። መመሪያዎ ውስጥ «ማስጠንቀቂያ» የሚለውን አድምቀው ከሆነ ከተራው ጽሑፍ ሳይለይ ይወጣል፤ ስለዚህ ለእርስዎ ኖቶን እመርጣለሁ።