ጎንደር ላይ ቤት ፍለጋ ለደከማችሁ፦ እኛ ሁለት ዓመት ከአራት ወር እንዴት እንደቆየን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደጋግሜ አነበብኩት። ዓመት ከመንፈቅ ቤት ፈልጋችሁ ምንም እንዳልያዛችሁ፣ ባለቤትሽ «በቃ ገንዘቡን ባጃጅ እንግዛበት» እንዳለ፣ አንቺም ደላላ ሲደውል ስልኩን ማንሳት እንዳስጠላሽ ጽፈሻል። «የገዛችሁ ሰዎች ተስፋ ሳትቆርጡ እንዴት ቆያችሁ?» ነው ጥያቄሽ። እኔም ያ ስልክ ሲጠራ ሆዴን ባር ባር ይለኝ ነበርና በአጭሩ «አይዞሽ» ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

እኛ ፍለጋውን የጀመርነው መስከረም 2015 ነው፤ የገዛነው ጥር 2017። በመሃል 43 ቤት አይተናል። ደግሞ በዚያው ጊዜ የሥራ ባልደረቦቼ ሦስት ቤት ገዝተዋል፤ ሦስቱም ጋ ዳቦ ተሸክሜ ሄጃለሁ። «ቤት ለእምቦሳ» ብዬ ገብቼ፣ ወጥቼ መንገድ ላይ ያለቀስኩበት ቀን አለ። ይህን የምነግርሽ ድካምሽ የስንፍና እንዳልሆነ እንድታውቂው ነው።

ቆይቶ የገባኝ ግን ያደከመን የቤቱ ብዛት አልነበረም። ወረቀቱን ሳናይ ቤቱን መውደዳችን ነው። ሳሙና በር በኩል አንድ ቤት አገኘን። ግቢው ውስጥ ትልቅ ዘይቱን አለ፤ ልጄ ገና እንደገባን ዛፉ ሥር ቆማ «ይሄ የኔ ነው» አለች። የዚያን ቀን አልጋው የት፣ ምጣዱ የት እንደሚሆን ስናወራ አመሸን። ሻጩ «ሌላ ገዢ አለ» ሲለን በማግስቱ 50 ሺህ ብር ቀብድ ከፈልን። ካርታውን፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫውን፣ ያየነው ከዚያ በኋላ ነው። በሟች አባታቸው ስም ነው። ወራሾቹ አምስት ናቸው፤ ውጭ አገር ያለችው እህታቸው አልሸጥም ብላለች። ቀብዱን ለማስመለስ ሽማግሌ ገብቶበት አራት ወር ፈጀ። ገንዘቡስ ተመለሰ፤ ባለቤቴ ግን ሁለት ወር ሙሉ ስለ ቤት ትንፍሽ አላለም። ልጄ ዘይቱኑን ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ገለበጥነው፤ ወረቀቱ መጀመሪያ፣ ቤቱ በኋላ። ደላላ ሲደውል ገና ከወንበሬ ሳልነሳ እጠይቃለሁ። ካርታው በማን ስም ነው? ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ፣ ማለትም ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ስንት ቀርቷል? ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልና ሚስቱ ሁለቱም ይፈርማሉ? ባንክ በብድር መያዣነት ይዞታል? በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው ይህን ቤት መሸጥ እንደሚችል በግልጽ ይላል? መልስ ከሌለ አልሄድም። ደላሎቹ መጀመሪያ ተቆጡኝ። «መምህርት፣ መጀመሪያ ቤቱን እይው እንጂ!» ይሉኛል። ከአራቱ ሦስቱ መደወል አቆሙ። አራተኛው በወር አንዴ ቢደውል ነው፤ ሲደውል ግን ካርታውን በቴሌግራም አስቀድሞ ይልክልኛል። ከዚያ በኋላ የምናየው ቤት በወር አንድ ወይም ሁለት ሆነ፤ ግን እያንዳንዱ ልንገዛው የምንችለው ቤት ነበር። እኛን መልሶ ያቆመን ይሄ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስትሮጪ ከርመሽ ባዶ እጅሽን ከመመለስ አንድ እውነተኛ ቤት አይቶ «አይሆንም» ማለት ይሻላል።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምትገዢው ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ መመዝገብ አለበት። ቤት ውስጥ በሦስት ምስክር ፊት የተፈራረማችሁት ወረቀት አያስተማምንም። ሻጩ «ውልና ማስረጃ ምን ያደርጋል፣ እንተማመን» ካለሽ ጫማሽን አድርገሽ ውጪ። ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁም እዳና እግድ እንደሌለበት አጣሩ።

አሁን ደግሞ ያየናቸውን ቤቶች ስለምጽፍበት ደብተር ልንገርሽ። የልጆች የመልመጃ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ፤ ሰፈሩ፣ ስፋቱ በካሬ፣ የተጠየቀው ዋጋ፣ ወረቀቱ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ። የውሃውን ነገር ሻጭ አይጠየቅም፤ እኔ የምጠይቀው አጠገቡ ያለችውን የሱቅ ልጅ ነው። ውሃ የምናገኝበት አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ከተማው እየሰፋ፣ ፈረቃው ከሰፈር ሰፈር እንዴት እንደሚለያይ ታውቂዋለሽ። ከታች ደግሞ አንድ መስመር ባዶ እተውለታለሁ፤ «በስንት ተሸጠ» የሚል። ከወራት በኋላ በዚያ ሳልፍ ጎረቤት ጠይቄ እሞላዋለሁ። ሃያ ገጽ ሲሞላ ሻጭ የሚጠራው ዋጋና ቤቱ በትክክል የሚሸጥበት ዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቁ በሰፈር በሰፈሩ አወቅሁት። ያን ጊዜ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ሻጭ የተስማማንበትን ዋጋ በአንድ ሌሊት ሲያነሳው እንኳ ደብተሩን ገልጬ አይቼ ተውኩት፤ አላለቀስኩም።

ገጽ 17 አዘዞ በኩል ያለ ቤት ነው። ያየነው የካቲት ላይ ነበር፤ ሙሽራ መስሏል። ባለቤቴ አናጢ ነው። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ ሄዶ መስኮቱ ጥግ ሲደርስ ቆመ። ቀለሙን በጥፍሩ ሲፍቀው ጄሶው ረገፈ፤ ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ወለሉ በሰያፍ ወርዷል። «መረሬ አፈር ላይ ነው የቆመው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል» አለኝ። በዚያ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወራ ሰማሁት። ስለ መሠረት፣ ስለ አፈር፣ ስለ ውሃ ልክ እስከ ፒያሳ ድረስ አስረዳኝ። ቤቱ ቀረ፤ እሱ ግን ወደ ፍለጋው ተመለሰ። እህቴ፣ ባለቤትሽ የሚያውቀው፣ የእሱ የሚሆን ሥራ ስጪው። እኔ ወረቀቱን፣ እሱ ግንባታውን ያዝን፤ አንዳችን በሌላው ላለመግባት ተስማማን። እኔ በወረቀት «አይሆንም» ካልኩ አይከራከረኝም፤ እሱ በግድግዳ «አይሆንም» ካለ እኔም።

የማንለቃቸውንም ሦስት ነገሮች ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍናቸው፤ በሻጩ ስም ያለ ንጹሕ ካርታ፣ ልጆቹ በእግር የሚደርሱበት ትምህርት ቤት፣ ውሃ። ሌላው ሁሉ ድርድር ነው። ማራኪ ሰፈርን በጣም እፈልግ ነበር፣ ተውኩት። ዘመናዊ ኩሽናም ተውኩ።

ዕረፍትም ወስደናል። የምንፈልገው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ብቻ ነበር። ሁዳዴን ሙሉ ለደላላው «አትደውል» አልነው። ክረምትን ግን እንዳታርፉበት፤ ጣሪያና ግድግዳ እውነቱን የሚናገረው ያኔ ነው። 43ኛውን ቤት፣ ቀሐ በኩል ያለውን፣ መጀመሪያ ያየነው ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ነው። ጃንጥላ ይዘን ግማሽ ሰዓት ቆመን ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አየን። ሁለት ክፍልና የጭቃ ኩሽና ነው። ባለቤቴ አሁን ኩሽናውን እየሠራው ነው።

ስለ ባጃጁ የጻፍሽው፦ እኔ አልመክርሽም። ገንዘቡ አንዴ ከተበተነ የቤት ዋጋ የሚሸሽበት ፍጥነት ከባጃጁ ገቢ ይበልጣል ብዬ እፈራለሁ። ባለቤትሽን ግን በክርክር አትርቺው፤ ደክሞት ነው እንጂ ቤቱን ጠልቶት አይደለም። ስለ ቤት ነገር አንድ ወር ዝም በሉ። ገንዘቡን ስትቆጥሩ ደግሞ ከቤቱ ዋጋ ሌላ የቴምብር ቀረጥ፣ እኛ ስንገዛ የዋጋው 2 በመቶ፣ የስም ዝውውሩና የደላላው እንዳለ አስቡት፤ እኛ ይህን ዘግይተን አውቀን ለመጨረሻው ክፍያ እቁብ ለምነን በቅድሚያ ተቀብለናል።

የደብተሩን አንድ ገጽ ፎቶ አንስቼ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ እንደሱ አስምረሽ ጀምሪ። ከዚህ በፊት ያያችኋቸውንም ቤቶች ከማስታወስሽ ጻፊያቸው። ስንት ቤት እንዳያችሁና ስንቱ ወረቀቱ የተስተካከለ እንደነበር ስትቆጥሪው ንገሪኝ።