ለጀማሪ የፊልም ጸሐፊዎች፦ መጀመሪያ ታሪኩን

ልጆቼ፣

ስክሪፕት ይዛችሁ የምትመጡ ብዙ ናችሁ። ገና አንደኛው ገጽ ላይ ሁለት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። እነማን ናቸው ስላችሁ «ተዋናዩ ሲጫወተው ይገባዎታል» ትሉኛላችሁ። ጸሐፊው የማያውቀውን ሰው ተዋናይ ከየት ያመጣዋል?

እንግሊዛዊው ደራሲ ግራሃም ግሪን በ1948 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ለዳይሬክተር ካሮል ሪድ ፊልም ሊጽፍ ቪየና ሄደ። ከተማዋ ፍርስራሽ ናት፤ አራት መንግሥታት ተከፋፍለው ይዘዋታል። እዚያ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ስለ ፔኒሲሊን ጥቁር ገበያና ከመሬት ሥር ስላለው የፍሳሽ ቦይ አጫወተው። ይህን የመሰለ ወሬ ያገኘ ሰው በዚያው ሌሊት ስክሪፕት ይጀምር ነበር። ግሪን ግን መጀመሪያ እንደ ልብ ወለድ አድርጎ ጻፈው፤ ታሪኩን ሳይጽፍ ስክሪፕት መጻፍ እንደማይሆንለት ራሱ ተናግሯል። «ዘ ሰርድ ማን» የተባለው ፊልም ከዚያ ወጣ።

በግሪን ታሪክ መጨረሻ ዋናዋ ሴት ገጸ ባሕርይ ከቀብር ስትመለስ የዋናውን ሰው ክንድ ትይዛለች። ሪድ አልተቀበለውም። በፊልሙ ዛፍ ከግራና ቀኝ በተሰለፈበት ረጅም መንገድ ከሩቅ ትመጣለች፤ ሰውየው ቆሞ ይጠብቃል፤ ዞር ብላ እንኳ ሳታየው ታልፋለች። ግሪን ተመልካች ይህን ያህል አይታገሥም ብሎ ተከራክሮ ነበር። በኋላ ሪድ ልክ እንደነበረ በጽሑፍ መሰከረ። በሰው አፍ የቀረው ስለ ስዊዘርላንድና ስለ ኩኩ ሰዓት (እንደ ወፍ እየጮኸ የሚቆጥር የግድግዳ ሰዓት) የሚናገረው ቃልም የግሪን አይደለም፤ ተዋናዩ ኦርሰን ዌልስ ጨመረው። መጨመር የቻለው የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ በጽሑፉ ተሠርቶ ስለጠበቀው ነው። ዳይሬክተሩ ጽሑፌን ነካካብኝ ብላችሁ የምታኮርፉ፣ ይህን አስቡ።

ለመጻፍ ብዬ ሥራ ልልቀቅ ወይ ለምትሉኝም ያው ግሪን ይበቃል። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ1929 ሲሳካለት የዘ ታይምስ ጋዜጣን ሥራ ለቀቀ። ተከታዮቹ ሁለቱ ግን ወደቁ፤ እንደገና እንዳይታተሙም ራሱ ከለከለ። ለዓመታት ሲጽፍ የኖረው በቀን 500 ቃል ገደማ ነበር። ይህ ደግሞ ከሥራ መልስ፣ ከራት በፊት የሚያልቅ ነው።